ያልተገለበጠው ካሴት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሁለት የጌም ቤቶች ፊት ለፊት ተፋጥጠው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሁለት ባጃጅ ጎን ለጎን አያሳልፍም፤ ተሻግሮት የሚያውቅ ተጫዋች ግን የለም። በግራ ያለው የአሞጽ ፕሌስቴሽን ቤት ነው። በቀኝ ያለው የደምመላሽ ኤክስቦክስ ቤት ነው። በአንድ አልጋ የሚተኙ ወንድማማቾች በዚህ ጉዳይ ተኳርፈው ጀርባ ለጀርባ የከረሙበት ጊዜ አለ። የፕሌስቴሽን ወገን፣ «የኛ ጆይስቲክ ላይ ያለው ክብና ካሬ ነው፤ ፊደል መቁጠር ያማራችሁ አንደኛ ክፍል ግቡ» ይላል። የኤክስቦክስ ወገን፣ «ፊደል የፈራ ሥዕል ያያል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ቤት የሚጫወቱት ያው አንድ ኳስ ነው።

ደምመላሽ ኤክስቦክስ የከፈተው ኤክስቦክስ ወዶ አይደለም። ቤቱ የአባቱ የጋሽ ደጉ ካሴት ቤት ነበር። ጋሽ ደጉ ሠላሳ ዓመት ካሴት ሸጠዋል፤ ደጃፋቸው ላይ በሰቀሉት የጡሩንባ ድምፅ ማጉያ ገበያተኛ ስለጠሩ ድምፃቸውን የማያውቅ ደሴ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ስልክ መጣ፤ ካሴት የሚገዛ ጠፋ። ደምመላሽ ግን ጥፋቱን የጣለው ፊት ለፊት በተከፈተው ፕሌስቴሽን ቤት ላይ ነው። ስልክን ተጣልቶ ማሸነፍ አይቻልም፤ ጎረቤትን ግን ቢያንስ መሞከር ይቻላል። ከሁለት ዓመት በፊት አባቱ ሲሞቱ መደርደሪያውን ነቅሎ ስክሪን ሰቀለ። ደምመላሽ ብለው ስሙን ያወጡለት ራሳቸው ጋሽ ደጉ ናቸው፤ የሚመልሰው ደም የካሴት ይሆናል ብለው ግን አላሰቡም።

የደምመላሽ እህት ፀሐይነሽ ትባላለች። እኩዮቿ አጫጭር ስም ይዘው ሲያድጉ እሷ የአያት ስም ተሸክማ ቀረች፤ አባቷ አሮጌ ነገር አይጥሉም ነበር። እሳቸው ሲሞቱ እናቷን ወይዘሮ ወለተ ማርያምን ተከትላ ወደ እናቷ አገር ወደ ኮምቦልቻ ወረደች፤ ያልተሸጡትን ካሴቶች በሦስት ማዳበሪያ አስጭና።

አሞጽ ይወዳት ነበር። ጋሽ ደጉ በሕይወት እያሉ ከወንበሩ ይነሳል፣ እስከ መንገዱ ጠርዝ ይደርሳል፣ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ካሴት ቤቱ ይራመዳል፣ ከዚያ የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህን ሲያደርግ ማንም አላየኝም ብሎ ያምን ነበር።

የተገናኙት ከተለያዩ በኋላ ነው። ኔትወርክ ለወራት በጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ በደሴና በኮምቦልቻ መሃል ሚኒባስ የሚነዳው ከሊድ አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ቴፕና አንድ ካሴት አምጥቶ አሞጽ ጭን ላይ አስቀመጠ። «ከፀሐይነሽ ነው። ምን እንዳለበት አላውቅም፣ ወላሂ አልሰማሁትም፤ ብሰማውም አልነግርህም» አለ። ካሴቱ ውስጥ ድምጿ ነበር። አሞጽ በሌላ ካሴት መለሰ። ኔትወርኩ ሲመለስም ካሴቱ አልቀረም። በስልክ ሲነጋገሩ «ይሰማል?» «ይቆራረጣል» ከመባባል አያልፉም፤ በካሴት ግን አንዱ ሲናገር ሌላው ማቋረጥ አይችልምና ሁሉን ተባባሉ።

ያልተባባሉት አንድ ነገር ቀረ። የአሞጽ አባት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ደግሞ ከማርያም ጠበል ሌላ መድኃኒት አፋቸው ያልገባ ሴት ናቸው። አሞጽ ባለፈው ካሴት መጨረሻ ላይ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ «ከኔ ጋር መኖር ትችያለሽ ወይ?» ብሎ ጠይቆ ልኮ ነበር። መልሱ የመጣው ማክሰኞ ነው።

ያ ማክሰኞ ደሴ ጉም ውስጥ ነበረች። ጦሳ ተራራ ከነመኖሩ ተረስቷል። ተማሪው ሁሉ ፈተና ላይ ስለሆነ ቤቱ ባዶ ነው። አሞጽ በሩን ከፍቶ ተቀመጠና ካሴቱን ከተተ።

«አሞጽ፣ እንደምን ሰነበትክ። እዚህ ይሞቃል። የጠየቅከኝን አሰብኩበት። እናቴ፣ 'በጾም ቀን ሥጋ ልትቀቅይለት ነው?' ትለኛለች። አባትህም አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ደምመላሽ ደግሞ ሊድረኝ ከቦሩ ሜዳ ሰዎች ጋር ይመላለሳል። ልጃቸው ደህና ሰው ነው አሉ፤ ክፋቱ ደህና ሰው መሆኑ ነው፣ ምክንያት አሳጣኝ። ሁሉንም በየተራ አስቤ ጨረስኩ። እና እውነቱን ልንገርህ… አሞጽ፣ ካንተ ጋር መኖር አልፈ—»

ቀጭ። ካሴቱ አለቀና ቁልፉ ተነሳ።

የአማርኛ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሰውን አገር ለአገር ሲያዞር ቆይቶ ፍርዱን በመጨረሻዋ ቃል ይነግረዋል። አሞጽ የጎደለውን ራሱ ሞላው። *አልፈልግም።* ሌላ ምን ይሆናል? እናትየው አሉ፣ አባትየው አሉ፣ ወንድም አለ፣ ደህና ሰው አለ። ይህን ሁሉ ደርድራ መጨረሻው ሌላ ሊሆን አይችልም።

ቢሆንም ሰው ተስፋ አይቆርጥምና ካሴቱን ገለበጠው። መጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ ፍርፍርታ ብቻ ተሰማ። ከዚያ ሳል። ከዚያ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ።

«ሀሎ… ሀሎ… አንድ፣ ሁለት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጉም ነው። አሞጽ ቤቱን ከፍቷል።»

ጋሽ ደጉ ናቸው። አሞጽ ቀብራቸው ላይ ቆሞ አፈር ሲመለስባቸው ያየ ሰው ነው።

«ብቻውን ቁጭ ብሏል» አሉ ጋሽ ደጉ።

አሞጽ አንገቱን ቀና አድርጎ መንገዱን ተሻግሮ ተመለከተ። በጉሙ ውስጥ የሚታየው ደምመላሽ ሳያወርደው የቀረው የጡሩንባ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር፤ አፉን ወደሱ ከፍቷል።

«አሁን ወደ እኛ አየ» አሉ።

በነአሞጽ ቤተ ክርስቲያን ሙታን አይናገሩም። ይህን አባቱ ሦስት እሁድ ሙሉ አስተምረዋል። ካሴቱ ግን ትምህርቱ ላይ አልነበረም። አሞጽ ክዳኑን በሁለት እጁ ነጥቆ ከፈተ፤ ውስጥ የሆነ ላስቲክ ጠሽ ብሎ ተበጠሰ፣ ቴፑም ከዚያ ወዲያ አልተናገረ። እሱ ግን እስኪመሽ ድረስ ጀርባውን ለመንገዱ አልሰጠም። እምቢታዋ አንድ ነገር ነው፤ እምቢታዋን አባቷ መጥተው ማጽደቃቸው ግን ከደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ይዞበት ሄደ።

*

አርብ ዕለት ከሊድ መጣ። ከሊድ ሁልጊዜ ሲገባ አንድ ግጥሚያ ይሸነፋል፣ ከዚያ ነው ወሬ የሚጀምረው። ያን ቀን ግን ጆይስቲክ ሳይነካ ቆመ።

«አሞጼ፣ መልእክት አለብህ። 'ገልብጦታል ወይ?' ብላለች።»

«ምን?»

«ካሴቱን። 'ገልብጦታል ወይ?' ነው ያለችው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

አሞጽ ያደገው ጋሽ ደጉ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ እያነበበ ነው። «ካሴት እንገለብጣለን» ይላል። መገልበጥ ማለት ከአንዱ ካሴት ወደ ሌላው መቅዳት ነው፤ አንዱን ድምፅ ሁለት ማድረግ፣ ማባዛት፣ ለሰው ማዳረስ። ደሙ ጆሮው ድረስ ወጣ።

«እምቢ ብላኝ ስታበቃ ደግሞ አከፋፋይ ታደርገኛለች? ማን መሰልኳት? ለማን ነው የምገለብጠው? ለሰፈሩ?»

«አብሽር፣ ቀስ በል፤ እኔ ሹፌር ነኝ።»

«አልገለበጥኩትም፣ አልገለብጠውምም በላት! ዕድሜ ልኬን!»

«'ዕድሜ ልኬን' የሚለውን ልተወው?»

«እሱንም በላት!»

ከሊድ አደራ የሚያጎድል ሰው አይደለም። ቢያጎድል ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ ነበር። በማግስቱ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመና ራሱን አከከ።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ምንም። ካሴቶቹን ፀሐይ አስጥታ ነበር። አንድ በአንድ ሰበሰበቻቸውና የማዳበሪያውን አፍ አሰረች። ሐቂቃ አሞጼ፣ እውነቴን ነው፣ ሬሳ ሲገነዝ አይቻለሁ። አስተሳሰሯ እንደዚያ ነው።»

አሞጽ ያሸነፈ ሰው ፊት ለማሳየት ሞከረ። ፊቱ እምቢ አለው።

*

ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚህ መሃል አሞጽ ያዘዘው አዲሱ ፕሌስቴሽን ከአዲስ አበባ መጣ። ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ዲስክ የሚጎርስበት አፍ ግን የለውም። ጨዋታው ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። አሮጌዎቹን ዲስኮች የባጃጅ ሹፌሮች ለጌጥ ወሰዷቸው፤ አሁን በየመስታወቱ ተንጠልጥለው ያብለጨልጫሉ። አሞጽ አፍ የሌለውን ዕቃ ባየ ቁጥር ጋሽ ደጉ ባዶ መደርደሪያቸውን ሲወለውሉ ትዝ ይሉታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ድንገት ጸጥ አለ። ደምመላሽ እየተሻገረ ነበር። የሁለቱም ቤት ተጫዋቾች ጆይስቲካቸውን እንደያዙ በር ላይ ወጡ፤ ስክሪኖቹ ላይ ኳሱ ያለ ሰው ይንከባለላል።

«አይዞህ፣ ልጫወት አልመጣሁም» አለ ደምመላሽ። «እጄ በክብና በካሬ አይታዘዝም።»

«ግባ።»

ገባና አዲሱን ዕቃ ዞሮ አየው። «አፉ የታለ?»

«የለውም።»

«የኔም የሚመጣው እንደዚሁ ነው አሉ።» ለአፍታ ሁለቱም ያን አፍ አልባ ነገር እንደ ጎረቤት ሬሳ ከላይ ሆነው ተመለከቱት። ከዚያ ደምመላሽ ጠላትነቱ ትዝ አለው። «ነገ የቦሩ ሜዳ ሽማግሌዎች ኮምቦልቻ ይወርዳሉ። ለፀሐይነሽ።»

«እሺ አለች?»

«እምቢ አላለችም። ከዚህ በላይ ምን ትበል? የመጣሁት ግን ለሱ አይደለም።» ድምፁ ቀነሰ። «አባባ ያለበት ካሴት አንተ ጋ ነው አለችኝ። ስጠኝ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት የሰው ድምፅ ሲሸጥ የራሱን አንድ ቀን አስቦ አልቀዳም። ያለን ሲሞክር የቀረችው ናት።»

«ሲሞክር?»

«ባዶ ካሴት ሲሞክር በመስኮት ያየውን ያወራ ነበር እኮ። ዛሬ ይሄ ነው፣ ዝናብ ነው፣ እንትና አለፈ… ገዢ ከጠፋ በኋላም ይሞክር ነበር፣ ምስኪን።»

አሞጽ መንፈስ አለመሆኑን ሲሰማ ሊቀለው ይገባ ነበር። አልቀለለውም። መንፈስ ቢሆን ያየው አንድ ቀን ነው። በሕይወት ያሉት ጋሽ ደጉ ግን ዓመት ሙሉ ሲያዩት ነበር ማለት ነው።

«ደሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ ደምመላሽ። «'አሞጽ አልገለብጠውም አለ፣ ዕድሜ ልኩን' እያለች ታለቅሳለች። ምንድነው ነገሩ? ቂጣ ነው የማትገለብጠው?»

«ካሴቱን… ለሰው አልቀዳሁትም ማለቴ…»

«ማን ስለ መቅዳት አወራ?» ደምመላሽ በአዘኔታ አየው። የአባቱ ልጅ ነውና ስለ ካሴት ሲናገር ድምፁ ሌላ ሆነ። «ካሴት አንዱ ወገን ሲያልቅ ይገለበጣላ! እናንተ ቤት ጌም ኦቨር ሲል ትነሳላችሁ። እኛ ቤት ይገለበጣል።»

አሞጽ ወንበሩን ደገፍ አለ። አልፈልግም። አልፈ… አልፈ… ከሦስት ሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእነዚያ ፊደሎች የሚጀምር ሌላ ቃል እንዳለ ታየው።

«ካሴቱን ነገ ኮምቦልቻ ላይ እሰጥሃለሁ» አለ። «መጀመሪያ ልስማው። እስከ መጨረሻው።»

ደምመላሽ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የአሞጽን ፊት አየና መልሶ ከደነው። ሲሻገር አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ያሸነፈ አይመስልም።

*

ያን ቅዳሜ አሞጽ ስልኳን ደጋግሞ ደወለ፤ ዝግ ነው። ላስቲኩ የተበጠሰውን ቴፕ ይዞ ጠጋኝ ለጠጋኝ ዞረ። «ካሴት?» ይሉታል፣ «ወንድሜ፣ ፍላሽ የለህም?» አንዱ ሽማግሌ ጠጋኝ ቴፑን እጁ ላይ አገላብጦ፣ «የዚህን ላስቲክ የሚሠሩትም ሞተዋል፣ የሚጠግኑትም ሞተዋል፤ እኔም ደህና አይደለሁ» አለው። ደሴ ውስጥ ካሴት የሚያጫውት አንድ ነገር ብቻ ትዝ አለው። የከሊድ ሚኒባስ።

እሁድ በማለዳ ልብሱን ለባበሰ። አባቱ፣ «አምልኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው» ሲሉት «አውቃለሁ» ብሎ ወጣ።

መናኸሪያው በጉም ተሞልቶ የሰው ድምፅ እንጂ ሰው አይታይም። ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጀርባ ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተደርድረዋል። አጠገባቸው ደምመላሽ አለ። አሞጽ ሰላምታ ሰጥቶ ጋቢና ገባ። የሽማግሌዎቹ ታላቅ ጋሽ አብርሃም በትራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው፣ «አንተስ ልጄ፣ ለምን ጉዳይ ነው የምትወርደው?» አሉት።

«ዕቃ ላደርስ ነው፣ አባባ።»

«መልካም። እኛም እንደዚያው ነን።»

ከሊድ ሞተሩን አስነሳ። አሞጽ ካሴቱን ዘረጋለት።

«በየትኛው በኩል ላግባው?» አለ ከሊድ።

«ገልብጠው።»

ከሊድ አየት አደረገው፤ ገለበጠና ከተተው።

የሀረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ ከፊት ያለው መንገድ ጠፋ። መብራቱ ጉሙ ላይ ተመልሶ ራሳቸውን ያበራቸዋል። ፍርፍርታው ተሰማ። ሳሉ ተሰማ።

«ሀሎ… ሀሎ… አንድ፣ ሁለት። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጉም ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «በስመአብ! የጋሽ ደጉ ድምፅ አይደለም እንዴ?» አለች። ሌላው፣ «ያ አላህ» አለ። ደምመላሽ ከመቀመጫው ተነሳና የሚኒባሱ ጣሪያ ጭንቅላቱን መታው። «አጥፋው!» አለ። ከሊድ እጁን ሲዘረጋ ደግሞ ድምፁ ተሰበረ። «ተው… አታጥፋው።»

«አሞጽ ቤቱን ከፍቷል። ብቻውን ቁጭ ብሏል። አሁን ወደ እኛ አየ።»

ጋቢናው ውስጥ ያለው አሞጽ ወደ ፊት ወደ ጉሙ ያይ ነበር። በዚህ ጊዜ ማየቱን አልተወም።

«ተነሳ» አሉ ጋሽ ደጉ። «መንገዱን ሊሻገር ነው። አንድ… ሁለት… ተመለሰ። ዛሬም ተመለሰ። ይሄ ልጅ የኤሌክትሪክ ሽቦ በጥርሱ ይልጣል፣ መንገድ ግን ይፈራል። ፀሐይነሽ! ነይ እስቲ እዪው።»

ከሩቅ የእሷ ድምፅ መጣ፤ የአሁኑ ሳይሆን የዚያን ጊዜው፣ ሳቅ ያለበት። «አባባ ተው፣ ይሰማሃል።»

«ካሴት ነው፣ ቀኑ ሲደርስ ይስማ። እኔ ሁለት ድረስ ቆጥሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ካላየሁት አንቺ ቁጠሪለት።»

ቀጭ አለ። ፍርፍርታው ረዘመ፤ ጎማው ረጠብ ባለው አስፋልት ላይ የሚያሰማው ድምፅና ያ ፍርፍርታ አንድ ሆኑ። ከዚያ እሷ መጣች፣ የአሁኗ።

«አሞጽ፣ ቁልፉ ተነሳብኝ፤ የት ላይ እንደቆረጠኝ አላወቅኩም። ስገለብጠው አባባ መጣ። ላጠፋው አልቻልኩም፣ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። አንተም ጠብቀኸው ከሆነ ነው እዚህ የደረስከው። ያልኩህ እንዲህ ነው። ካንተ ጋር መኖር… አል… ፈ…»

ቴፑ ክሩን መብላት ጀመረ። ድምጿ ወረደ፣ ወፈረ፣ ተጎተተ፤ የአባቷን ድምፅ መሰለ፣ ከዚያም ከአባቷ በታች፣ ከመሬት በታች ወረደ። አሞጽ ሁለት እጁን ቴፑ ላይ አደረገ፣ የሚሰምጥ ሰው እንደሚይዝ። ከሊድ፣ «ቢስሚላህ!» ብሎ ዳሽቦርዱን በጡጫ መታው።

«—ራም» አለች ፀሐይነሽ፣ በጠራ ድምፅ። «ካንተ ጋር መኖር አልፈራም። የምፈራው እንደ ልማድህ ሁለት—»

ክሩ ተበጠሰ።

አሞጽ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ። ያለቅስ እንደሆነ ማንም አላየም፤ ጉሙ በውጭ እሱ በውስጥ ያንኑ መስታወት አረጠቡት።

ጋሽ አብርሃም በትራቸውን ወለሉ ላይ አንኳኩ።

«ሹፌር፣ ወራጅ አለ።»

«አባባ፣ እዚህ? ጉም ውስጥ? ምንም የለም እኮ።»

«ልጄ፣ ሟች ከተናገረ በኋላ ሽማግሌ ምን ይጨምራል?» ደምመላሽ ሊለምናቸው ሲነሳ ትከሻውን ያዙት። «አባትህ ቆጥሮ ያስቀመጠውን እኛ አንቆርጥም። ቦሩ ሜዳ ላሉት እኔ እነግራለሁ። ልጃቸው ደህና ልጅ ነው፤ ደህና ልጅ ሚስት አያጣም።»

ሦስቱ ወረዱ። ነጭ ጋቢያቸው ነጩ ጉም ውስጥ ገባ፤ መጀመሪያ እነሱ ጠፉ፣ ከዚያ የበትራቸው ድምፅ። ከሊድ ቴፑን ፈልቅቆ ካሴቱን ሲያወጣ የተሸበሸበ ክር ተከትሎ ወጣ። አሞጽ ተቀበለውና ወደ ኋላ ዘረጋው።

«የአባትህ ደህና ነው» አለ። «የተበላው የኔ ነው።»

ደምመላሽ ካሴቱን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰካና ክሩን ቀስ አድርጎ ይጠመጥም ጀመር። እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ቀና አላለም። አሞጽ ያን የእስክሪብቶ ድምፅ እየሰማ፣ ይህ ሰው ጠላቱ ሆኖ አለማወቁን አወቀ።

*

ከሀረጎ በታች ጉሙ በቢላዋ እንደተቆረጠ አለቀ። ኮምቦልቻ ፀሐይዋን ለብሳ ተቀምጣለች። የነፀሐይነሽ ቤት መንገድ ዳር ነው። እሷ በሩ ላይ ቆማለች፤ ሽማግሌ ለመቀበል የተገዛ ቀሚስ ለብሳ፣ ፊቷ ግን ለለቅሶ የተዘጋጀ ነው። ከውስጥ የእናቷ የዕቃ ኮሽታ ይሰማል።

ሚኒባሱ ከመንገዱ ማዶ ቆመ። መጀመሪያ ደምመላሽ ወረደ፣ ተሻገረ።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለችው።

«ወረዱ።»

«የት?»

«ጉም ውስጥ። አባባ አስወረዳቸው።» ከዚህ በላይ ማስረዳት አልቻለም። እጁ ላይ ያለውን ካሴት አሳያትና ከአጠገቧ አልፎ ወደ ቤት ገባ። በጎን በኩል ሲያልፋት ግን፣ በዓመታት የለመደውን ቁጣ ፈልጎ ያጣ ሰው ይመስል ነበር።

ፀሐይነሽ ቀና ስትል ከማዶ አሞጽ ቆሟል። የሚኒባሱን በር በአንድ እጁ እንደያዘ።

«ገለበጥከው?» አለች። ድምጿ እስከ ማዶ ለመድረስ ያህል ብቻ ነበር።

«ገለበጥኩት።»

«አባባን አልፈራኸውም?»

«ፈራሁት። እስኪጨርስ ግን ጠበቅኩት።»

መንገዱ በቧንቧ ውሃ ካለው አይሰፋም። አሞጽ የሚኒባሱን በር ለቀቀ። ጆሮው ውስጥ ፍርፍርታው ተነሳ፣ ሳሉ ተነሳ፣ ያ ወፍራም ድምፅ ተነሳ። *ተነሳ። መንገዱን ሊሻገር ነው።* አንድ እርምጃ ወረደ። *አንድ…* ሌላ ጨመረ። *ሁለት…*

ድምፁ እዚያ ላይ ቆመ። ካሴቱ ላይ ቀጥሎ ያለው ቃል *ተመለሰ* ነው፤ አሞጽ ያውቀዋል፣ እግሩም ከእሱ በፊት ያውቀዋል። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ያን ቃል ጠበቀ። ከሊድ ሞተሩን አጠፋ። የሞቱት ሰውዬ የሚሉት ሲጠበቅ እሷ ዓይኗን ሳትነቅል አፏን ከፈተች፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርሶ ነበር፣

«ሦስት» አለች።